ባትሪዎቹ ለቅሶ የደረሱኝ ለታ

ሌሊቱን በሕልሜ ባትሪዎች ለቅሶ ሊደርሱኝ መጡ።

በሬን አላንኳኩም። በሩ ነው ሄዶ እነሱን ያንኳኳው። ስወጣ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ጣራው መሬት ላይ ተነጥፎ እግሮቹ ወደ ሰማይ ቆመዋል። ባትሪዎቹ በጣራው ላይ በረድፍ ተቀምጠዋል፤ ትልልቆቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ይህ ሁሉ አላስደነቀኝም። ያሳሰበኝ የወንበሩ ማነስ ብቻ ነበር።

ለምን እንደመጡም አውቅ ነበር። ከመተኛቴ በፊት ለሊሴ ደውላልኛለች። ለሊሴ የባለቤቴ የአጥናፉ ተማሪ ነበረች፤ አሁን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በእሱ ቦታ የምታስተምረው እሷ ናት። አጥናፉ ሳይታመም በፊት ሠርቶ ያሸገው የመጨረሻ ባትሪ በሊትየም ሳይሆን ከጨው በሚገኘው በሶድየም የሚሠራ ነው። እስካሁን ላቦራቶሪው ውስጥ አንድ ማሽን ላይ ተሰክቶ ይሞላል፣ ባዶ ይሆናል፣ ደግሞ ይሞላል። እሱ ካረፈም ወዲህ አላቆመም።

«አልደከመም እኮ፣ እትዬ» አለችኝ ለሊሴ። «ለምን እንዳልደከመ ለማወቅ ግን ከፍተን ውስጡን ማየት አለብን።»

የተከፈተ ባትሪ ተመልሶ ባትሪ አይሆንም። ይህን አላጣሁትም፤ ዕድሜዬን በሳሙና ፋብሪካ ብጨርስም የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው። እርስዎ ካልፈቀዱ አልነካውም አለችኝ። አስቤ ጠዋት እነግርሻለሁ አልኳትና ተኛሁ።

በዚያ በሕልሜ አገር ለቅሶ የሚደርሰው ያለቅሳል፣ ሐዘንተኛው ደግሞ እየዞረ ያጽናናል። ስለዚህ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄድኩ «አይዞህ፣ አይዞሽ፣ እግዜር ያጽናችሁ» እል ጀመር። ይህ ከለመድኩት ብዙም አልራቀብኝም።

እያንዳንዱ ባትሪ በመዳፉ አንድ ትንሽ ሰው ይዟል። እያለቀሱም የሰውየውን ግንባር በአውራ ጣታቸው ወደ ላይ ወደ ላይ ይገፉታል። አንዲት የሰዓት ባትሪ ቀሚሴን ሳብ አደረገችኝ።

«እህቴ፣ መሰኪያ አይጠፋሽም መቼም። ሰውዬው ሊዘጋብኝ ነው።»

«ምን ሆኖ?»

«ምን እባክሽ፣ አርጅቷል። ጠዋት ሞልቼው እወጣለሁ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ያንቀላፋል። አዲስ ሰው ግዢ ይሉኛል። ለምጄው ነው እንጂ።»

የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ እርሳስ ነበሩ። የድሮ የመኪና ባትሪ ናቸው፤ ከባድ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሱ፣ በየመሃሉ ውሃ የሚጠይቁ። በሁለት ባትሪ ተደግፈው ተነሡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወይዘሮ ሶስና፣ የሞተው ማን እንደሆነ ያስረዱን።»

«ባለቤቴ ነው። አጥናፉ።»

«እሱማ ሥራ ላይ ነው። ማን ሞተ ነው የምልዎት?»

ጋሽ እርሳስ ወደ እንግዶቹ ዞሩ።

«እንግዲያው ትለካ።»

ቀይና ጥቁር ሽቦ ይዘው መጥተው ቀዩን በቀኝ ጣቴ፣ ጥቁሩን በግራ ጣቴ አሰሩ። የመለኪያው መርፌ እስከ ጥግ ሄዶ ቆመ።

«ሙሉ ናት!» አለ አንዱ።

«ከቀብሩ ወዲህ ጠብ አላደረገችም ማለት ነው?»

«ጉድ እኮ ነው! እኛ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብለን እንኳ ያልቅብናል።»

ሰልፈር የሚባለው ደንግጦ ተነሣ። ቢጫ ኮት ለብሷል። ከሁሉም አብልጦ የሚበላ እሱ ነው፤ ሲበላ ስለሚያብጥ የኮቱ ቁልፎች ተበጥሰው አልቀዋል። መጥፎ ልማዱ ደግሞ መሟሟት ነው። ከድንኳኑ ጥግ እስከ ጥግ በተመላለሰ ቁጥር ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። እኔ ዘንድ ሲደርስ የተረፈው ድምፁ ብቻ ነበር።

«እንዴት ቻልሽው?» አለኝ፤ አፉ ግን አልነበረም።

«ምንም የሚደንቅ ነገር አላየሁም» አለ ሊትየም። ሽቶ የተቀባ፣ ክራቫት ያሰረ ጎልማሳ ነው። ስመጣ በሩ ላይ ተገፍቻለሁ ስላለ ዙሪያውን ባዶ ትተውለታል። ከአንገትጌው ቀጭን ጭስ ይወጣል። «የዓለሙን ስልክና የዓለሙን መኪና የተሸከምኩ እኔ ነኝ። ለእኔ ማን አለቀሰልኝ?»

«አንተ ስትቆጣ ቤት ይዘህ ትቃጠላለህ» አለ ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ። «አልቃሹ እንኳ ሮጦ ነው የሚያመልጠው።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። የተናገረው ሶድየም ነበር። ከአፍዴራ የጨው ሐይቅ ነው የመጣው። ሽርጥ አገልድሟል፣ ትከሻው ሰፊ ነው፣ ወንበር ቢሰጡት እንቢ ብሎ መሬት ተቀምጧል። እየተንፏቀቀ ወደ እኔ ተጠጋ።

«ወንድሜ ነው፣ አትፍረጅበት» አለኝ። «በኬሚስቶች ሰንጠረዥ አንድ ሕንፃ ላይ ነው የተወለድነው፤ እኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብዬ። ቤቱ ግን አያስገባኝም።»

«ለምን?»

«የቤቱ በር ጠባብ ነው። እኔ ደግሞ እንደምታዪኝ ወፈር እላለሁ።» ጥቁር ቀሚሴን ትክ ብሎ አየው። «ያንቺ ልብስ ይበቃኝ ነበር። ካርቦን ነው አይደል?»

«ከል ነው።»

«ይሁና። ለእኔ የሚስማማኝ እንዲህ ያለ ነው። ጥቁር የሆነ፣ ውስጡ ያልተስተካከለ፣ ብዙ ባዶ ቦታ ያለው።»

ብሎ ከጎኔ ተቀመጠ፤ ትከሻው ትከሻዬን ነካኝ። ከቀብሩ ወዲህ ማንም እንዲያ ተጠግቶኝ አልተቀመጠም።

በሌላው ጎኔ ጠጣሩ የሚሉት ነበር። ከባትሪዎቹ ሁሉ አዲሱ እሱ ነው። በውስጡ አንዲት ጠብታ ፈሳሽ የለም። አይቃጠልም፣ አያፈስም፤ ሁሉም በአርአያነት ያነሡታል። ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ አናገረኝ።

«እኔም አላለቅስም።»

«ለምን?»

«በምኔ ላልቅስ?»

«ታዲያ አይሻልም?»

«ይሻላል ይላሉ።» ከሆዱ የሸክላ ዕቃ ሲሰነጠቅ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ወጣ። ሀፍረት ያዘው። «ይቅርታ። ብዙ ጊዜ ብቻዬን ስሆን ነው የሚሰማው።»

ጋሽ እርሳስ በከዘራቸው ሰማዩን መቱ።

«ይቺ ሴት ትከፈት! እንዴት አድርጋ እንደያዘችው ውስጧን አይተን እንማር!»

«ትከፈት!» አሉ ሁሉም።

«ያለ ፈቃዷ?» አለ ሶድየም።

«ምን በወጣን! በፈቃዷ ነው እንጂ። እስክትፈቅድ ድረስ እንጠይቃታለን።»

ድንኳኑ ራሱን ጠቅልሎ ታክሲ ሆነ። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ከየት! ከየት! ከየት!» ይላል። ወንበሮቹ በሙሉ ባዶ ነበሩ።

«ሞልቷል፣ ግቡ!» አለን።

ያ ታክሲ የሚሄደው በተሳፋሪ ጉልበት ነበር። ቀበቶው ተሳፋሪው ላይ ተሰክቶ ዳገት በወጣን ቁጥር በመንገድ የተሳፈሩት ሰዎች እየደበዘዙ ሄዱ። መንገድ ዳር ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያው ጋ ስንደርስ መኪኖቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፤ ሰዎች ደግሞ መሰኪያቸውን በእጃቸው ይዘው ረጅም ሰልፍ ቆመዋል። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

«እትዬ፣ እርስዎ ሙሉ ነዎት አሉ። ለዚህች ዳገት ብቻ ቢያግዙን?»

«አልችልም» አልኩት።

«መስጠት ነው ያልቻሉት ወይስ መጀመር?»

ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ሰፈሬ በጠራራ ፀሐይ ጨልሞ ነበር። በዚያ አገር ግድብ የለም፤ መብራት የሚመጣው ከሐዘንተኛ ነው። ጎረቤቶቼ የኤሌክትሪክ ምድጃቸውን ከነድስቱ ታቅፈው መንገድ ዳር ተሰልፈዋል። ከፊት የቆመችው አጥር የምንጋራት ብርቄ ነበረች።

«ሶስና! እባክሽ ትንሽ አልቅሽልን፤ ሽሮው ጥሬ ነው!»

«ለሩዝ የምትሆን ብቻ!» አለች ሌላዋ።

«ለሩዝ ምን ያደርጋል፣ እንቁላል እንቀቅልበት!»

«የአስካለ ባል ሲሞት እኮ ሰፈሩ ክረምቱን ሙሉ አልጠፋበትም። ፍሪጃችን ሁሉ በረዶ ይሠራ ነበር። እሷ ናት ሴት!»

«ይቺማ የተማረች ናት» አለች ብርቄ። «ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው እንባውን ቆልፎ ነው የሚያስቀምጠው።»

«ቁልፉስ?»

«እሱን ባሏ ይዞት ሄደ መሰለኝ።»

ተሳሳቁ። በክፋት አልነበረም፤ ርቧቸው ነው። ከታክሲው ወርጄ አንድ ነገር ልላቸው ፈለግሁ። «የኔ ነው» የሚለው ብቻ ወጣልኝ። ቀስ ብዬ ስላልኩት ማንም አልሰማኝም፣ ታክሲውም እኔን ትቶ መሄድ አልቻለምና መንገዱ ራሱ ወደ ኋላ ሄደ፣ ዩኒቨርሲቲው መጥቶ ከፊቴ ቆመ።

መማሪያ ክፍሎቹን አለፍን። በአንዱ ወንበሮች በተማሪዎች ላይ ተቀምጠው ማስታወሻ ይይዛሉ። በሌላው ሰሌዳው አስተማሪውን በእርጥብ ጨርቅ ይጠርገዋል። የመጨረሻው በር የአጥናፉ ላቦራቶሪ ነበር።

አጥናፉ የሚሠራው በአንድ የመስታወት ሳጥን ነበር። ባትሪው ገና ሲሠራ አየር ስለማይወድ ሳጥኑ አርጎን በሚባል ጋዝ ይሞላል፤ ሠራተኛው ከውጭ ቆሞ በመስታወቱ ላይ በተገጠሙ ረጃጅም የጎማ ጓንቶች እጁን አስገብቶ ይሠራል። እጁን ሲያወጣ ጋዙ ጓንቶቹን ነፍቶ ወደ ውጭ ይገፋቸዋል። አንድ ጊዜ፣ እሱ ደህና ሳለ፣ ምሳ ይዤለት ብሄድ ሁለት ጥቁር ክንዶች ከመስታወቱ ወጥተው ተዘርግተው አገኘሁ። ሰላም ልላቸው ብዬ አንዱን ጨበጥኩ። ያን ያህል ሲስቅ ብዙ ጊዜ አላየሁትም።

በሕልሜም ጓንቶቹ ተዘርግተው ነበር። ቀኝ እጁን ያዝኩ።

«ይህ የማን እጅ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«የማንም አይደለም» አለ ጠጣሩ። «ግፊት ነው።»

አልለቀቅሁትም። ጣቶቹ ለስላሳ ነበሩ። አይሞቁም፣ አይቀዘቅዙም።

«ሥራ በዛብህ?» አልኩት።

አልመለሰም። በሕይወቱም ሳለ እዚህ ክፍል ውስጥ ስጠይቀው አይመልስም ነበር።

«ትግባ!» አሉ ጋሽ እርሳስ። ሳጥኑ ጎን ወዳለችው ክብ በር አመለከቱኝ። «አየር ያለው ነገር ሁሉ ግን ውጭ ይቀራል።»

«ትንፋሼም?»

«በተለይ ትንፋሽሽ።»

«ውስጥ እሱ አለ?»

ባትሪዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሊትየም ክራቫቱን አስተካከለ። የሰዓቷ ባትሪ በመዳፏ ያንቀላፋውን ሰው ሸፈነችው። እኔም ድጋሚ አልጠየቅሁም።

«ካልገባች እዚሁ ትከፈት» አሉ ጋሽ እርሳስና ነጭ የሸክላ መቀስ አወጡ። «አይዞሽ ልጄ፣ ብረት አይደለም። ብረት ሁለቱን ወገን ያገናኝና እሳት ይነሣል። ይሄ አያሳምም። ይከፈት?»

«ይከፈት?» አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ። «ትፈቅጃለሽ?»

ሶድየም እጅጌዬን ያዘ። ከጫፉ መለስ አድርጎ ገለበጠው። በጥቁሩ ጨርቅ ውስጠኛ ጠርዝ፣ ሰው ፊቱን በክንዱ ሲጠርግ በሚነካው ቦታ፣ ነጭ መስመር ነበር፤ ሐይቅ ሸሽቶ ዳርቻው ላይ እንደሚቀረው ያለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሳሙና ነው» አልኩት። «ሳሙና ፋብሪካ ነው የምሠራው።»

«ጡረታ ወጥተሻል እኮ።»

«ሳሙና ቶሎ አይለቅም።»

ለማን ነው የምዋሸው? እሱ ራሱ ከጨው የተወለደ ነው። ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየ።

«እሺ» አለ። «ሳሙና ነው።»

እጅጌዬን መልሶ ጠቀለለልኝ፤ ሌሎቹ እንዳያዩም በሰፊ ጀርባው ከለለኝ።

«ይከፈት?» አሉ ከጀርባው። «ይከፈት? ይከፈት?»

ወደ ጓንቱ ዞርኩ። «አንተ ንገረኝ» አልኩት። «አንተ ነህ ያሸግከው። ልክፈተው?»

ጓንቱ መሟሸሽ ጀመረ። መጀመሪያ ትንሿ ጣት፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለችው፣ ቀስ እያሉ ወደ መስታወቱ ውስጥ ተመለሱ። አውራ ጣቱን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«ጋዙ እያለቀ ነው!» ሲል ጮኸ ጠጣሩ። ከላይ እስከ ታች ሲሰነጠቅ ሰማሁት።

«ቶሎ በይ እንጂ! እሺ ወይስ እምቢ?» አሉ ባትሪዎቹ።

መልሱን በዚያች ሰዓት አውቄው ነበር። አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው የስልክ ጥሪ ነው።

ነግቷል። ስልኩ ትራሴ ላይ ይንጫጫል።

«እትዬ፣ ለሊሴ ነኝ። ቀሰቀስኩዎት?»

«የለም፣ ከተነሣሁ ቆየሁ» አልኩ ተኝቼ።

«እንዴት ብዬ እንደምነግርዎት አላውቅም።»

«ከፈትሽው?»

«ኧረ እኔ አልነካሁትም! ሌሊት መብራት ጠፋ። ጄነሬተሩ አልነሣ አለ፣ ማሽኑ ቆመ። እሱስ ባልከፋ፤ ስንመልሰው ይቀጥል ነበር። የተረኛው ጥበቃ ጋሽ ሽብሩ...» ድምፅዋ ተቆራረጠ። «የራዲዮኑ ድንጋይ አልቆበት፣ እትዬ! ቁልፍ አለው፤ ገብቶ የዶክተር አጥናፉን ባትሪ ከማሽኑ ነቅሎ፣ ራዲዮኑ ላይ በሽቦ አስሮ ኳስ ሲሰማ አደረ!»

ከበስተኋላዋ የሽማግሌ ድምፅ ተሰማኝ። «ባትሪ ነው ስትሉ ሰምቼ እኮ ነው! ባትሪ አይደለም እንዴ?»

«ዝም ይበሉ እባክዎ! እትዬ፣ እስከ ታች ባዶ አድርጎታል። ከእንግዲህ ብንከፍተው የምናየው የዶክተርን ሥራ ይሁን የራዲዮኑን፣ መለየት አንችልም። ሁሉ ነገር ተበላሸ። መክፈቱም ትርጉም የለውም። ከፈለጉ እንዳለ ይውሰዱት።»

እያለቀሰች ነበር። ተነሥቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ አጥናፉ ከሠራቸው ባትሪዎች አንዱም አምፖል አብርቶ፣ የልጅ መጫወቻ እንኳ አንቀሳቅሶ አያውቅም። ማሽን ይሞላቸዋል፣ ማሽን ባዶ ያደርጋቸዋል።

«ስልኩን ለጋሽ ሽብሩ ስጪልኝ» አልኳት።

«እትዬ፣ እኔ በቂ ተቆጥቼዋለሁ፤ ትልቅ ሰው ነው...»

«ስጪልኝ፣ ለሊሴ።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተንኮሻኮሸ። ከባድ ትንፋሽ ሰማሁ።

«እትዬ፣ ነፍስ ይማር። በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ አላወቅሁም።»

«ጥርት አድርጎ ያሰማ ነበር?»

«ምኑ?»

«ራዲዮኑ።»

እንደማልቆጣው ሲገባው ድምፁ ተለወጠ።

«ኧረ ምን ይጠይቁኛል! ከገዛሁት ጀምሮ እንደዚያ አድርጎ አሰምቶኝ አያውቅም። ድንጋይ እኮ መሀል ላይ ያንኮራፋል፣ ይሄ ግን ፍንክች! መደበኛው አለቀ፣ ተጨማሪው ገባ፣ እሱም አለቀ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ድረስ አድርሶኛል።»

«ማን አሸነፈ?»

«እሱን አላወቅሁም፣ እትዬ። የመጨረሻው ልጅ ኳሷን አስቀምጦ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ጸጥ አለ።»